የኩዊን ተቀባዮች፦ የአራት ሰው ድምፅ እንዴት ስታዲየም ሞላ

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ጁላይ 13 ቀን 1985 ማለት ነው፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ፣ የለንደን የበጋ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ አራት አባላት ወደ ዌምብሊ ስታዲየም መድረክ ወጡ። ዘፋኙ ፍሬዲ መርኩሪ እጅጌ የሌለው ነጭ ካናቴራ ለብሶ፣ መቆሚያው የወለቀ የማይክሮፎን ዘንግ በእጁ ይዞ ነበር። ከሁለት ዘፈን በኋላ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ዝም አሉና እርሱ ብቻውን «ኤ… ኦ!» ብሎ ድምፁን ለቀቀው። 72 ሺህ ሰው በአንድ አፍ መለሰለት። ዜማውን ጠመዘዘው፣ ሕዝቡም እንደ እርሱ ጠምዝዞ መለሰ። አንዲቱን ድምፅ ትንፋሹ እስኪያልቅ ሳባት፣ እነርሱም ሳቧት። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ኮንሰርቱ ላይቭ ኤይድ ይባላል፤ የተሰናዳውም በሀገራችን በረሃብ ለተጎዱ ወገኖች እርዳታ ለማሰባሰብ ነበር። ስለ ኩዊን በተወራ ቁጥር በዓለም ላይ የሚነሣው በዚያ ዕለት መድረክ ላይ የቆዩበት 21 ደቂቃ ነው፤ ምስጢሩ ሲጠየቅም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ፍሬዲ መርኩሪ ልዩ ተሰጥኦ ነበረው የሚል ነው። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ነገሩን ለመረዳት ከእንግሊዞቹ ማብራሪያ ይልቅ የራሳችን ሙዚቃ አንድ ቃል የበለጠ ይረዳል፤ ቃሉም «ተቀባይ» ነው። አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፤ ደህና ተቀባይ ያላገኘ አውጪ ድምፁ ምንም ያህል ቢያምር ዘፈኑ ይበርድበታል። እኔ እንደማየው የኩዊን ታሪክ ከሞላ ጎደል ተቀባይ የመፈለግ ታሪክ ነው። በመጀመሪያ ተቀባዩን ከራሳቸው ጉሮሮ አወጡት፤ ይህ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ሥራ ነው። ቀጥሎ ያንኑ ሥራ ለሕዝብ አስረከቡት፤ ይህኛው የስታዲየም ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

ባንዱ የተማሪዎች ባንድ ነበር። ጊታር ተጫዋቹ ብራያን ሜይ በለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፊዚክስ ያጠና ነበር፤ ድራም መቺው ሮጀር ቴይለር የጥርስ ሕክምና ጀምሮ ኋላ ወደ ባዮሎጂ የዞረ ነው። ሁለቱ ቲም ስታፌል ከሚባል ዘፋኝ ጋር በ1968 ስማይል የተባለ ባንድ አቋቁመው ሁለት ዓመት ያህል ተጫወቱ። በ1970 ስታፌል ሲለቅ ቦታውን የተረከበው፣ በየዝግጅታቸው እየተገኘ «እንዲህ ብትለብሱ፣ እንዲህ ብትቆሙ» እያለ ሲመክራቸው የኖረ፣ በኢሊንግ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ግራፊክስ የተማረ ወጣት ነበር። ስሙ ፋሮክ ቡልሳራ ይባላል። በ1946 በዛንዚባር፣ ስቶን ታውን በሚባለው አሮጌ ከተማ የተወለደ ሲሆን ወላጆቹ ከሕንድ የመጡና የዞራስተርን እምነት የሚከተሉ ፓርሲዎች ናቸው። በልጅነቱ ሕንድ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ፤ በ1964 የዛንዚባር አብዮት ሲፈነዳ ቤተሰቡ ሸሽቶ በለንደን አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ፌልታም በምትባል ሰፈር ኑሮ ጀመረ። ባንዱን ኩዊን፣ ማለትም ንግሥት፣ ብሎ የሰየመው እርሱ ነው፤ የራሱንም ስም ፍሬዲ መርኩሪ አለው፤ የባንዱን አርማ የአራቱን አባላት የልደት ኮከብ አስገብቶ የሣለው ደግሞ ያው የግራፊክስ ተማሪው ነው። በ1971 ቤዝ ጊታር የሚጫወተውና ኤሌክትሮኒክስ የሚማረው ጆን ዲከን ሲጨመር ቁጥሩ ሞላ፤ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ማንም አልገባም፣ ማንም አልወጣም።

የባንዱን ጠባይ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው አንድ ዕቃ ነው። ብራያን ሜይ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ በ1963 ኤሌክትሪክ ጊታር አማረው፤ የመግዣ ገንዘብ ግን አልነበረም። አባቱ ሃሮልድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ስለነበሩ ሁለቱ በቤታቸው ተቀምጠው ከባዶ ሊሠሩት ተነሡ። የጊታሩ አንገት ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የእሳት ምድጃ ማስጌጫ ከነበረ የማሆጋኒ እንጨት ተጠርቦ ወጣ፤ እንጨቱን ነቀዝ በስቶት ስለነበር ልጁ ቀዳዳዎቹን በክብሪት እንጨት ደፈናቸው። በአንገቱ ላይ ለጣት ምልክት የሚሆኑት ነጫጭ ነጥቦች ከእናቱ የስፌት ሣጥን የተወሰዱ ቁልፎች ናቸው። ክሮቹን ለማርገብገብ የሚያገለግለው ክፍል በቢላዋ ስለት ላይ ተቀምጦ የሚወዛወዝ ሲሆን፣ ወደ ቦታው የሚመልሱት ሁለት ምንጮች ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት የተፈቱ ናቸው። ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። ሜይ ይህን ጊታር በፕላስቲክ መምቻ ፈንታ ስድስት ፔኒ በሚባለው የእንግሊዝ ሳንቲም እየመታ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ኖሯል፤ በላይቭ ኤይድ የተሰማውም፣ በ2002 በቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ቆሞ የእንግሊዝን ብሔራዊ መዝሙር የተጫወተውም በዚሁ በምድጃ እንጨት ነው። ዲከንም ከዚህ አላነሰም፤ መንገድ ዳር ቆሻሻ ውስጥ ያገኘውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አንሥቶ በድምፅ ማጉያ ሣጥን ውስጥ ገጠመውና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር አወጣው፤ የሜይ ጊታር በዚያች ሣጥን ሲያልፍ እንደ መለከትና እንደ ክላርኔት ይሆን ነበር። ገንዘብ ያልነበራቸውና ፊዚክስ የሚያውቁ ልጆች ነበሩ፤ የኋላው ነገር ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

አሁን ወደ ስቱዲዮው እንግባ። በ1970ዎቹ ድምፅ የሚቀረጸው በክር ነበር፤ ክሩ በቀጭን ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ቡናማ የብረት ዱቄት ነው፤ ድምፁን የሚይዘውም ዱቄቱ እንጂ ፕላስቲኩ አይደለም። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ሁለት ኢንች ስፋት ያለው ክር ይጠቀሙ ነበር፤ በዚያ ስፋት ላይ 24 መስመሮች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። በአንዱ መስመር ድራም፣ በሌላው ፒያኖ፣ በሌላው የአንድ ሰው ድምፅ ይያዛል፤ ሌላው ሳይነካ አንዱን ብቻ መድገም ይቻላል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንደኛው መስመር የዘፈነውን በጆሮው እያደመጠ በሁለተኛው ላይ ለራሱ ተቀባይ ይሆናል፣ በሦስተኛው ደግሞ ለሁለቱም ይቀበላል። መስመሮቹ ሲሞሉ የተዘፈኑትን ስድስት ወይም ስምንት ድምፆች ወደ አንድ ወይም ሁለት መስመር አጠቃልሎ መገልበጥ፣ የተለቀቁትንም መስመሮች እንደገና መሙላት ይቻላል። ችግሩ ክሩ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ከማሽኑ ጋር መፋተጉ ነው፤ ግልባጩ በበዛ ቁጥርም ሹክሹክታ መሰል ድምፅ እየተጠራቀመ ይመጣል።

በ1975 የበጋ ማብቂያ ኩዊኖች በዌልስ ገጠር ወደሚገኘው ሮክፊልድ ስቱዲዮ ሲገቡ መርኩሪ በራሱ ውስጥ የጨረሰውን አንድ ዘፈን ይዞ ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ሮይ ቶማስ ቤከር ኋላ እንደተናገረው፣ መርኩሪ በፒያኖ የመጀመሪያውን ክፍል ተጫውቶለት ድንገት አቆመና ኦፔራው የሚገባው እዚህ ጋ ነው አለው። «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» የተባለው ይህ ዘፈን 5 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ ይፈጃል። አዝማች የለውም። በዝግታ የሚዜም እንጉርጉሮ ይጀምረዋል፣ የጊታር ሶሎ ይከተላል፣ ከዚያ ጋሊሊዮና ፊጋሮ፣ ቢስሚላህም ጭምር እየተጠሩ ብዙ ሕዝብ የሚከራከርበት የኦፔራ ክፍል ይመጣል፣ ቀጥሎ ከባድ ሮክ ይፈነዳል፣ መጨረሻው እንደ መጀመሪያው ረግቦ ያልቃል። በኦፔራው ክፍል የሚሰማው ያ ሁሉ ሕዝብ ሦስት ሰው ነው። ሜይ ወፍራሙን፣ መርኩሪ መካከለኛውን፣ ቴይለር ደግሞ ሴት ዘፋኝ እንኳ የምታቅማማበትን ቀጭን ድምፅ ይዘው፣ ሦስቱ አንዱን መስመር አብረው ይዘፍኑታል፤ ያንኑ ይደግሙታል፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው የዜማ እርከን ይወጣሉ። ይህን ከሳምንት ሳምንት፣ በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ እየዘፈኑ ድምፅ በድምፅ ላይ ሲከምሩ ክሩ እጅግ ከመሳሳቱ የተነሣ ወደ መብራት ሲያነሡት ብርሃን ያሳልፍ ነበር ይባላል፤ ቡናማው ዱቄት ተፍቆ እያለቀ ነበር ማለት ነው። ያኔ ገና ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥረው መሣሪያ፣ በአልበሞቻቸው ውስጥ አልነበረም፤ ሽፋኑ ላይም አልተጠቀምንም ብለው በኩራት ያጽፉ ነበር።

ሙዚቃ አሳታሚው ድርጅት ስድስት ደቂቃ የሚጠጋ ዘፈን የትኛውም ሬዲዮ አያጫውተውም ብሎ አመነታ፤ በጊዜው የተለመደው ሦስት ደቂቃ ነበርና ፍርሃቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ነገሩን የሰበረው የመርኩሪ ወዳጅ የነበረው የለንደን ሬዲዮ አቅራቢ ኬኒ ኤቨረት ነው፤ በአንድ ቅዳሜና እሑድ አሥራ አራት ጊዜ ለቀቀው፣ ሰኞ ማለዳ ሰው ገና ያልወጣውን ሸክላ ፍለጋ ሱቅ ሱቁን አጥለቀለቀው። ዘፈኑ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ። አራት ፊቶች ከጨለማ ውስጥ ብቅ ብለው የሚታዩበት ቪዲዮም በጥቂት ሰዓት ተቀርጾ ለቴሌቪዥን ተሰጠ። በዓለም የመጀመሪያው የሙዚቃ ቪዲዮ ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም፣ ከእርሱ በፊትም ነበሩ። ነገር ግን አንድ ቪዲዮ ዘፈንን ምን ያህል ሊሸጥ እንደሚችል ለአሳታሚዎች ያሳየው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ጉድለት አለ። ያንን ኦፔራ ኩዊኖች ራሳቸው በመድረክ ላይ ሊዘፍኑት አልቻሉም። መቶ ሰው የሚያህለውን ድምፅ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሊያወጣው አይችልምና፣ ኮንሰርት ላይ ቦታው ሲደርስ አራቱም ከመድረክ ይወርዳሉ፣ መብራትና ጭስ ይቀራል፣ ክሩ ብቻውን ይዘፍናል፣ ከዚያ ሮኩ ሲጀምር ልብስ ቀይረው ይመለሳሉ። ስቱዲዮ ውስጥ የተፈበረከ ተቀባይ ስቱዲዮውን ለቆ መውጣት አይችልም ነበር። በላይቭ ኤይድ እንኳ ከዚህ ዘፈን የተጫወቱት የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከሕዝቡ ነው። በ1977 በእንግሊዝ መካከለኛው ክፍል፣ ስታፈርድ አቅራቢያ በሚገኘው ቢንግሊ አዳራሽ ተጫውተው ከመድረክ ሲወርዱ ሰዉ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ የእግር ኳስ ደጋፊዎች የሚዘምሩትን መዝሙር በኅብረት ይዘምርላቸው ጀመር። ሜይ እንደሚተርከው በዚያ ሌሊት አንድ ነገር ሲያብሰለስል አደረ፤ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ተጣብቆ የቆመ፣ መዝፈን የማይችል፣ መደነስም የማይችል ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል? እግሩን መሬት ሊመታ ይችላል፤ ሊያጨበጭብ ይችላል። «ዊ ዊል ሮክ ዩ» የተባለው ዘፈን ምት ይኸው ነው፤ ሁለት ጊዜ እግር፣ አንድ ጊዜ እጅ፣ ከዚያም አጭር ዝምታ። ድራም የለበትም። ጊታሩም የሚገባው ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ነው።

ቀረጻው ራሱን የቻለ የፊዚክስ ትምህርት ነው። የተቀረጸው በሰሜን ለንደን፣ ድሮ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በነበረው በዌሴክስ ስቱዲዮ ነው፤ እዚያ ባገኙት የጣውላ ርብራብ ላይ ጥቂት ሰዎች ቆመው እየረገጡና እያጨበጨቡ ደጋግመው ተቀረጹ። ጥቂት ሰው በሺህ የሚቆጠር እንዲመስል ድምፁን በትንሽ በትንሹ እያዘገዩ በራሱ ላይ መደረብ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን መዘግየቶቹ እኩል እኩል ከሆኑ ጆሮ የሚሰማው የገደል ማሚቶ ነው እንጂ ሕዝብ አይደለም። ሜይ የዘገዩትን ድምፆች ርቀት በመደዳ ሳይሆን በራሳቸውና በአንድ ብቻ በሚካፈሉ ቁጥሮች መጠን፣ በሒሳብ ብቸኛ ቁጥር በምንላቸው፣ አስቀመጣቸው። እንዲህ ሲሆን አንዱ መዘግየት በሌላው ላይ አይገጥምም፣ ጆሮም ድግግሞሹን ሊይዘው አይችልም፤ ስለዚህ አእምሮ «ይህ ማሚቶ ነው» ከማለት ይልቅ «ከእኔ በተለያየ ርቀት የቆሙ ብዙ ሰዎች ናቸው» ብሎ ይቀበለዋል። አንባቢ ይህን በጆሮ ማዳመጫ ቢሞክረው ጭብጨባው ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላም ተዘርግቶ ይሰማዋል።

በእውነተኛ ስታዲየምም የሚሆነው ይኸው ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከመድረኩ መቶ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው የሰማውን ምት ተከትሎ ሲያጨበጭብ በሴኮንድ ሲሶ ያህል ዘግይቶ ነው። ፈጣንና የተወሳሰበ ምት ቢሆን ይህ መዘግየት ሁሉን ያደፈርሰው ነበር። ይህ ምት ግን ቀርፋፋ ነው፣ ከጭብጨባው በኋላም ትንሽ ክፍተት ትቷል፤ የኋለኛው ረድፍ ይደርስበታል። ከእርሱ ጋር በአንድ ሸክላ የወጣው የመርኩሪ «ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ» ደግሞ ዋንጫ በተነሣበት ሜዳ ሁሉ እስከ ዛሬ ይዘፈናል። በዚህ ጊዜ የተገለጠው ሌላው ነገር ከአንድ የግጥምና የዜማ ደራሲ ይልቅ አራት እንደነበራቸው ነው፤ ዲከን በ1980 «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት»ን አምጥቶ በአሜሪካ አንደኛ ወጣ፣ ቴይለር በ1984 «ሬዲዮ ጋ ጋ»ን አመጣ። የገቢ ክፍፍል ግን የጠብ ምንጭ ሆኖ ስለኖረ ኋላ ሁሉንም በአራቱ ስም መጻፍ ጀመሩ።

በ1981 ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄዱ። በሳኦ ፓውሎው ሞሩምቢ ስታዲየም በአንድ ምሽት 131 ሺህ ሰው ገባ። መርኩሪ ሜይ በጊታር ብቻ የሚያጅበውን የፍቅር ዘፈን ሲጀምር ፖርቱጋልኛ ተናጋሪው ሕዝብ ከአፉ ነጥቆ በእንግሊዝኛ ጨረሰው፤ ዘፋኙ ማይክሮፎኑን ወደ እነርሱ አዙሮ መስማት ብቻ ሆነ ሥራው። ተቀባዩ አውጪ ሆነ ማለት ነው።

ታሪኩ ግን እንዲህ የተቃና ብቻ አይደለም፤ እኛም ልንዘለው አይገባም። በኦክቶበር 1984 ኩዊን በአፓርታይድ ሥር በነበረችው ደቡብ አፍሪካ፣ ሰን ሲቲ በሚባለው መዝናኛ ተከታታይ ዝግጅት አቀረበ። የተባበሩት መንግሥታት አርቲስቶች ወደዚያ እንዳይሄዱ ጠይቆ ነበር፤ የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማኅበርም ከልክሎ ነበር። ማኅበሩ ቀጣቸው፣ ስማቸውም በተባበሩት መንግሥታት ጥቁር መዝገብ ላይ ሰፈረ። እኛ ፖለቲከኞች አይደለንም፣ ለሰው ሁሉ እንጫወታለን የሚል መከላከያ አቀረቡ፤ በወቅቱ ለነበረው ነገር መከላከያው ደካማ ነበር፣ በተለይም ዘፋኙ ራሱ ከአፍሪካ ምድር የወጣ ሰው ስለነበረ። በዚያው ወር፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የቢቢሲው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም የላኩት ዘገባ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። እኛ የሰባ ሰባቱ ድርቅ የምንለው ነው፤ ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት ካከበረ አንድ ወር ከምናምን ሆኖት ነበር። ዘገባውን ያየው አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ከሚጅ ዩር ጋር ሆኖ የታወቁ ዘፋኞችን ሰብስቦ፣ አፍሪካውያኑ ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ የሚል ዘፈን አስቀረጸ። ገናን ከጥንት ጀምሮ ሲያከብር ለኖረ ሀገር ጥያቄው ምን ያህል እንደሚያስቅ መናገር አያሻም፤ ገንዘቡ ግን ተሰብስቧል። ኩዊን በዚያ ዘፈን ውስጥ አልነበረም።

ላይቭ ኤይድ ሲመጣም በልብ ሙሉ አልገቡበትም። ስማቸው ጎድፏል፣ በአሜሪካ ተቀባይነታቸው ወርዷል፣ ሕዝቡም ለእነርሱ ብሎ የሚመጣ አልነበረም። ሁኔታው ራሱ አስቸጋሪ ነበር፤ በፀሐይ ብርሃን መብራት አይሠራም፣ ድምፅ መፈተሻ ጊዜ የለም፣ ለአንድ ባንድ የተሰጠው ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሌሎቹ እንደመጣላቸው ሲጫወቱ፣ አዲስ ዘፈናቸውንም ሊያስተዋውቁ ሲሞክሩ፣ ኩዊኖች ለንደን ውስጥ ሾው የሚባል ቲያትር ተከራይተው ሰዓት ይዘው ተለማመዱ፤ ዘፈኖቻቸውን እየቆራረጡ ሕዝቡ የሚቀበለውን ክፍል ብቻ አስቀሩ። ስድስት ዘፈን በ21 ደቂቃ ገባ። «ሬዲዮ ጋ ጋ» ሲደርስ ከ70 ሺህ በላይ ጥንድ እጆች ከራስ በላይ ተነሥተው ሁለት ሁለት ጊዜ ሲያጨበጭቡ በፊልሙ ይታያል፤ ማንም አላዘዛቸውም፣ በቪዲዮው ላይ አይተውት ስለነበር ያውቁታል። ሕዝቡ የራሱን ክፍል አጥንቶ ነው የመጣው። ጌልዶፍ ራሱ የዕለቱ ምርጥ እነርሱ እንደነበሩ በኋላ መስክሯል።

ከእነርሱ ቀጥሎ የወጣው ዴቪድ ቦዊ ከተመደበለት ጊዜ አንድ ዘፈን ቀንሶ በቦታው ከኢትዮጵያ የመጣ የሕፃናት ምስል እንዲታይ አደረገ። ስታዲየሙ ጸጥ አለ፤ እርዳታ ለመስጠት የሚደውለው ሰው ያኔ ጎረፈ። የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች የመጀመሪያውን 21 ደቂቃ ሲያነሡ የሁለተኛውን ጥቂት ደቂቃ ይዘሉታል። ለእኛ ግን ሁለቱ አንድ ምሽት ናቸው፤ ያ ሕዝብ እያጨበጨበ የነበረው ኮረምና መቀሌ ሰው እየተቀበረ ባለበት ሰዓት ነውና።

በቀጣዩ ዓመት በዌምብሊ ሁለት ምሽት፣ ከብረት መጋረጃው ጀርባም፣ ማለትም በኮሚኒስቷ ሃንጋሪ፣ በቡዳፔስት ስታዲየም ተጫወቱ። ኦገስት 9 ቀን 1986 በእንግሊዙ ኔብዎርዝ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ፊት የቀረቡት የመጨረሻቸው ሆነ። መርኩሪ በ1987 የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሙ መገኘቱ ተነገረው። ለአባላቱ ነግሮ ለሕዝብ ደብቆ በስዊዘርላንድ ሞንትሮ ከተማ በሚገኘው ስቱዲዮ መቅረጹን ቀጠለ፤ መቆም እያቃተው እንኳ ድምፁን አኖረ። ኖቬምበር 23 ቀን 1991 ኤድስ እንዳለበት በመግለጫ አሳወቀ፤ በማግሥቱ በ45 ዓመቱ ሞተ። ቀብሩ በዞራስተር ሥርዓት ተፈጸመ። በሚቀጥለው ኤፕሪል በዌምብሊ የተደረገው መታሰቢያ መርኩሪ ፊኒክስ ትረስት የሚባለውን ኤድስን የሚዋጋ ድርጅት አስገኘ። በዚያ ዘመን በሽታው ስሙን መጥራት እንኳ የሚያሳፍር ነበርና ዝናው እንዲህ የገነነ ሰው በእርሱ መሞቱ የብዙ ሰው አፍ አስፈታ። ቀደም ብሎ ቢናገር ይሻል ነበር ብለው የወቀሱትም ነበሩ፤ የራሱን ሞት በራሱ መንገድ የመሞት መብት ነበረው ከሚሉት ጋር እስማማለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለው አጭር ነው። ዲከን በ1997 ሙዚቃን ትቶ ጸጥ ያለ ኑሮ መረጠ። ሜይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያቋረጠውን የጠፈር አቧራ ጥናት ጨርሶ በ2007 ዶክተር ተባለ። ሁለቱ የቀሩት ከ2012 ጀምሮ አዳም ላምበርት ከሚባል አሜሪካዊ ዘፋኝ ጋር ሲዞሩ ቆይተዋል፤ ላምበርት ራሱን የመርኩሪ ምትክ አላለም፣ ማለቱም ባልበጀው ነበር። የ1981 የዘፈኖች ስብስባቸው በእንግሊዝ ታሪክ ከሁሉ የበለጠ የተሸጠ አልበም ነው። በ2018 የወጣው ፊልም አራት ኦስካር አገኘ፣ ገንዘብም ዛቀ፤ ነገር ግን መርኩሪ ከላይቭ ኤይድ በፊት በሽታውን ለባልደረቦቹ እንደነገራቸው አድርጎ ያሳያል፣ ባንዱም ተበትኖ እንደነበረ ያወራል፤ ሁለቱም ሐሰት ናቸው። የዚያን ዕለት ጥንካሬ በሞት ፍርሃት ለማስረዳት መሞከር፣ ሰዓት ይዘው የተለማመዱበትን ትጋት ከእጃቸው መንጠቅ ይመስለኛል። የትውልድ ከተማው ስቶን ታውን ደግሞ ከስሙ ጋር ለመታረቅ ዘገየች፤ በ2006 ስድሳኛ ልደቱን ለማክበር የታሰበው በሃይማኖት ተቃውሞ ቀረ፣ በ2019 ግን በስሙ ሙዚየም ተከፈተ።

ጁላይ 1 ቀን 2017 በለንደኑ ሃይድ ፓርክ 65 ሺህ ሰው ግሪን ዴይ የሚባለውን የአሜሪካ ባንድ እየጠበቀ ነበር። ማቆያ እንዲሆን በድምፅ ማጉያው «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ተለቀቀ። አብዛኛው ሰው ዘፈኑ ሲወጣ ያልተወለደ ነው። ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ተቀበሉት፤ የጊታሩን ሶሎ ሳይቀር በአፋቸው አዜሙት። ኦፔራው ሲመጣ ግማሹ ወፍራሙን፣ ግማሹ ቀጭኑን ይዞ፣ ጋሊሊዮውንም ፊጋሮውንም እየተቀባበለ፣ ኩዊኖች ከመድረክ እየወረዱ ለክር ይተዉት የነበረውን ክፍል ከዳር እስከ ዳር ዘፈነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ መድረኩ ላይ ከተደረደሩት ዕቃዎች በቀር ማንም አልነበረም።